ሠራዊት ሲበተን፦ ጃፓን 1945፣ ኢራቅ 2003

እ.ኤ.አ. በ1945 ጃፓን እጅ ስትሰጥ የተባበሩት ኃይሎች አዛዥ የነበረው አሜሪካዊው ጄኔራል ማክአርተር ነባሩን መንግሥት አላፈረሰም፤ ትእዛዙን በእሱ በኩል አስፈጸመ። የጦርና የባሕር ኃይል ሚኒስቴሮች በዲሴምበር ወር የገዛ ወታደሮቻቸውን ከባሕር ማዶ የሚመልሱና የሚያሰናብቱ መሥሪያ ቤቶች ሆኑ። መዝገቡም፣ አሠራሩን የሚያውቀው ሰውም እዚያው ነበርና ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ከሥልጣን የሚወገዱ ሹማምንትን በመጠይቅ ማጣራቱ ቆይቶ መጣ።

በኢራቅ በአሜሪካ የሚመራው ጊዜያዊ አስተዳደር ኃላፊ ፖል ብሬመር ሜይ 16 ቀን 2003 የሳዳም ሁሴን የባዝ ፓርቲ ከፍተኛ አባላትን ከመንግሥት ሥራ አገደ፤ በሳምንቱ፣ ሜይ 23፣ ሠራዊቱን በተነ። መሣሪያ መያዝ የሚያውቁ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ያለ ደመወዝ ቀሩ፤ የጥይት ግምጃ ቤቶቹም በቂ ጥበቃ አልነበራቸውም። ክፍያ እንደሚሰጣቸው የተነገራቸው ከወር በኋላ፣ ለተቃውሞ ወጥተው ደም ከፈሰሰ ወዲህ ነው። የስም ዝርዝርና ደመወዝ መቅደም፣ የመሣሪያ ርክክብ መከተል ነበረበት፤ ማጣራቱ ከዚያ ወዲያ ይደርስ ነበር።