ምጣድ ሲሰካ የሚቆም ዴክ

ዴክ፣ ማለትም የሲዲና የዲቪዲ ማጫወቻ፣ ተንተባተበ፣ ምስሉ ካሬ ካሬ ሆነ፣ ፊልሙ ቀጥ ብሎ ቆመ ሲባል በእኛ የጥገና ሙያ የመጀመሪያው ፍርድ «ሌንሱ ነው» የሚል ነው፤ ሌንስ የምንለው ሲዲውን በጨረር የሚያነበውን ዓይን ነው። ብዙ ጊዜ እውነትም ነው። ጅማ ዝናቡም እርጥበቱም አይጠፋም፤ ሌንስ ይደበዝዛል፣ ሲዲም ይሻግታል። ግን «ሌንሱ ነው» ለማለት ዴኩን መክፈት እንኳ አያስፈልግም። እኔ የማልወደው ለዚህ ነው።

አንዲት እናት ከሄርማታ ሰፈር ዴካቸውን በፌስታል ይዘው መጡ። ሌላ ቦታ ሌንስ ተቀይሮለታል። አልዳነም። አሮጌውን ሌንስ በወረቀት ጠቅልለው ተቀብለዋል፤ ብልህ ሴት ናቸው።

«የትንሿን ምረቃ አላሳይ አለኝ፣ ልጄ።»

«እማማ፣ የሚቆመው ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ነው ወይስ እንዳሻው?»

«እንዳሻው! አንዴ ገና ጋውን ሳይለብሱ፣ አንዴ ኬክ ሲቆረስ።»

ይህችን ጥያቄ ዴክ ይዞ የመጣን ሁሉ እጠይቃለሁ። ዲቪዲ የሚነበበው ከመሀል ወደ ዳር ነው። ሁሌ አንድ ትዕይንት ላይ ከቆመ ጭረቱ ወይም ቆሻሻው እዚያ ጋ ስላለ ጥፋቱ የሲዲው ነው። ቦታ ከቀያየረ ግን ዴኩን መጠርጠር ነው። ቪሲዲ (የድሮውን የፊልም ሲዲ) እያጫወተ ዲቪዲ እምቢ ካለ ደግሞ ሌንሱ ያስጠረጥራል። ቪሲዲ የሚነበበው በ780 ናኖሜትር ጨረር ነው፣ ዲቪዲ በ650። አንዱ ጨረር ሲደክም ሌላው ደህና ሊሆን ይችላል።

የእማማ ዴክ ሱቄ ውስጥ ሁሉንም አጫወተ። ቪሲዲውንም፣ ዲቪዲውንም፣ ምረቃውንም እስከ መጨረሻው። አሮጌውን ሌንስ መልሼ ብገጥመው እሱም ቁጭ ብሎ ያነባል! የጥገና ሰው የሚናደደው እንዲህ ሲሆን ነው፤ ዕቃው ቤት ታሞ ሱቅ ሲመጣ ይድናል።

«ቤት የሚያስቸግረው ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

«ማታ ነዋ። ቀን ማን ቁጭ ብሎ ያየዋል?»

ማታውኑ ቴስተሬን (የቮልት መለኪያዬን) ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ቡና ቀረበ፣ ምረቃው ተከፈተ፣ ጥሩ ይሄዳል። ትልቋ ልጃቸው ጓዳ ገብታ የእንጀራ ምጣዱን ስትሰካ አምፖሉ ደብዘዝ አለ። ወዲያው ምስሉ ተቆራረጠ፣ ቆመ፣ ዴኩ ጠፍቶ እንደገና ተነሳ። ቴስተሩ ከ220 ወርዶ 160 አካባቢ ያሳያል። መብራቱ የሚመጣው ከጎረቤት ቆጣሪ በቀጭን ሽቦ ተስቦ ነው። ምጣዱ ብቻውን ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይጎትታል።

ሌላ ሰው እዚህ ላይ «ስታቢላይዘር ግዙ» ብሎ ይወጣ ነበር። እኔን ግን አንድ ነገር አላስቀመጠኝም። እዚያው ሶኬት ላይ የተሰካው ቴሌቪዥን ምንም አልሆነም። የዴኩ ጀርባ ላይ ደግሞ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል። ስለዚህ 160 ሊያቆመው አይገባም ነበር።

ከፈትኩት። የፓወር ቦርዱ ላይ ባለ 400 ቮልት ትልቁ ካፓሲተር አለ። አላበጠም፣ ደህና ይመስላል። ግን ዕቃው ዓመታት በሙቀት ሲሠራ ውስጡ ይደርቅና የመያዝ አቅሙ ይወርዳል። ሥራው እንደ ውኃ ሮቶ ነው፤ መብራቱ በየቅጽበቱ ከፍ ዝቅ ሲል ያጠራቀመውን እየሰጠ ያስተካክላል። 220 ሲገባ የደከመውም ይበቃል። 160 ሲገባ ግን አይበቃም፤ ለሌንሱና ለሞተሩ የሚሄደው 5 ቮልት ይወርድና ንባቡ ይቋረጣል። ለዚህ ነው ሌንስ የሚመስለው። ሲዲ አንባቢው ክፍል ነው ቀድሞ የሚደናገጠው።

በማግስቱ ካፓሲተሩን ቀየርኩ። ዋጋው ከሌንሱ ጋር አይወዳደርም። ማታ ምጣዱ ተሰካ፣ አምፖሉ እንደ ልማዱ ደበዘዘ፣ ምረቃው ግን አልቆመም። እማማ እልል አሉ፤ ኬኩ በሰላም ተቆረሰ።

የሽቦው ነገር ግን አላስተኛኝም። ሶኬቱን ብነካው ይሞቃል። ዴኩ ድኗል ብሎ ዝም ማለት ለእሳት መተው ነው። ኤሌክትሪሻን ጠርተው በባለ 4 ሚሊ ሽቦ እንዲያስቀይሩ ነገርኳቸው፤ ትንሽ አጉረመረሙ፣ ግን አስቀየሩ።

ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ ስለ ዴኩ አንስተውልኝ አያውቁም። የሚያወሩልኝ ምጣዱ እንዴት ቶሎ እንደሚግልና እንጀራቸው እንዴት ዓይን እንዳወጣ ነው።