አንዱ ሸበጥ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ባለች ትንሽ ክሊኒክ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። የእኛ እንጀራ ሰገራ፣ ሽንት፣ ስኳርና ታይፎይድ ነው። አንዲት ሴት አባቷን በባጃጅ ይዛ መጥታ “ኒውሮፊላመንት ላይት” የሚል የደም ምርመራ ማዘዣ ስትሰጠኝ ሁለቴ አነበብኩት።

አሜሪካ ያለው ወንድሟ ነው ያስወጣው። ግንቦት 2017 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አልዛይመር የተባለውን የመርሳት ሕመም ለመለየት የሚረዳ የደም ምርመራ መፍቀዱን ሰምቶ “በደም ይታወቃል አሉ፣ አሠሩለት” ብሏታል። ያ ምርመራ ግን ታውና አሚሎይድ የተባሉ ሁለት ፕሮቲኖችን የሚያነጻጽር ነው፤ በእጄ ያለው ማዘዣ ሌላ፣ የነርቭ መጎዳትን የሚያሳይ ነው። ይህን ያኔ አልነገርኳትም። እውነቱን ለመናገር እኔም ልዩነቱን ያነበብኩት በኋላ ነው።

ሽማግሌው ሲቀመጡ ቀኝ እግራቸው ባዶ ነው።

“አባባ፣ ሌላው ሸበጥዎ የታል?”

“እግሬ ላይ” አሉኝ፣ ወደ ታች ሳያዩ።

ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቀረረ። “አየህ ወንድሜ? ጫማውን እንኳ ይረሳል።” ባለባጃጁ ሸበጡን ከኋላ ወንበር ሥር አግኝቶ እስኪያመጣ፣ ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ደም ቀዳሁ። መብራት ደግሞ ይሄዳል ይመጣል፤ ሴንትሪፊዩጁ ሳይቆም ፕላዝማውን ለመለየት ስጣደፍ፣ ቅጹ ላይ “የመርሳት ችግር” ብዬ ጻፍኩና “ሌላ ሕመም” የሚለውን መስመር ባዶ ተውኩት። ናሙናው መሀል ከተማ ወዳለ ላብራቶሪ፣ ከዚያ በደረቅ በረዶ ወደ ውጭ አገር ሄደ።

ውጤቱ ሲመጣ 71 ፒኮግራም በሚሊ ሊትር ይላል፣ አጠገቡ ወደ ላይ የምታመለክት ቀስት። (አንድ ፒኮግራም የግራም ትሪሊዮንኛ ነው፤ ይህን የሚቆጥር ማሽን መኖሩ ራሱ ይገርመኛል።) ልጅቷ ደወለች።

“ከፍ ብሏል፤ ነርቭ እየተጎዳ ነው ማለት ነው” አልኳት።

“አንጎሉ ነው?”

“አዎ።”

የእኔ ሥራ ቁጥሩን ማስረከብ ነበር። ያቺን “አዎ” ማን አዘዘኝ? በሳምንቱ ወንድሟ ትኬት ቆርጧል፣ ዘመድ ተሰብስቧል፣ ሽማግሌውን ብቻቸውን ከቤት ማስወጣት ቀርቷል። ቤተ ክርስቲያን እንኳ።

የክሊኒካችን ሐኪም ከፈቃድ ስትመለስ ወረቀቱን አየችና አስጠራቻቸው። ስለ አንጎል አንድም ቃል ሳትናገር ካልሲያቸውን አስወለቀች። ውስጥ እግራቸውን በቀጭን የናይለን ክር ነካ ነካ ስታደርግ፣ እሳቸው ጣራውን እያዩ ይጠብቃሉ።

“አባባ፣ ይሰማዎታል?”

“ጀምሪና እነግርሻለሁ።”

ጀምራ አራተኛው ቦታ ላይ ደርሳለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሸበጡ ትዝ አለኝ። አልረሱትም ነበር፤ ሲወልቅ አልተሰማቸውም።

ስኳር ከያዛቸው 15 ዓመት ሆኗቸዋል፣ ሜትፎርሚን ይውጣሉ። ያ ሁሉ ባዶ በተውኩት መስመር ላይ መስፈር ነበረበት። ኒውሮፊላመንት የነርቭ ሴል ረጅሙ ክር የቆመበት ፕሮቲን ነው፤ ክሩ ሲጎዳ ወደ ደም ይፈስሳል። ከአንጎል ይፍሰስ፣ ከወገብ እስከ እግር ጣት ከሚወርደው ነርቭ ይፍሰስ፣ ደሙ አይለይም። ጭሱ ይታያል እንጂ የማን ጎጆ እንደሚነድ አይታወቅም። ዕድሜም ከፍ ያደርገዋል፤ ኩላሊት ሲደክምም ይከማቻል። የኩላሊትን ድካም የሚያሳየውን ክሬያቲኒናቸውን ያን ቀን እዚሁ ሠራሁት፤ ከፍ ያለ ነው። የቫይታሚን ቢ12 ናሙናም ላክን፤ ሜትፎርሚን ለብዙ ዓመት ሲወሰድ ቢ12ን ያወርዳል፣ የቢ12 ማነስ ደግሞ እግርንም ያደነዝዛል፣ ማስታወስንም ያውካል። ዝቅ ብሎ መጣ።

ለልጅቷ እኔው ራሴ ደውዬ “ያኔ አንጎል ነው ያልኩሽ ከራሴ ነው” አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ “ታዲያ አይረሳም ማለት ነው?” አለች። ይህንንም ለሐኪሟ ተውኩት። ሐኪሟም የመርሳት ሕመም የለባቸውም አላለችም፤ የቢ12 መርፌ ተሰጥቶ ይታይ ነው ያለችው።

አሁን ለመርፌ በየወሩ ይመጣሉ፣ ተረከዙ ላይ ማሰሪያ ያለው ሰንደል አድርገው። ስሜን እስካሁን አልያዙትም፤ በመጡ ቁጥር “አንተ የማን ልጅ ነህ?” ይሉኛል። ስለ ጫማቸው ስጠይቃቸው ግን መጀመሪያ ጎንበስ ብለው ያያሉ፣ ከዚያ ነው የሚመልሱት።