የእናቴን ልቅሶ ሁለቴ ተቀመጥኩ

እናቴ ሐዋሳ ያረፈችው ሚያዝያ 2012 ነው። እኔ ቤይሩት ነበርኩ። በኮሮና ምክንያት የቤይሩት አየር ማረፊያ ከመጋቢት 9 ጀምሮ ተዘግቷል። ቢከፈትስ በምን ብር? የምንከፈለው በሊራ ነው። ድሮ በ1,500 ሊራ አንድ ዶላር ይገኝ ነበር፤ ያኔ ጥቁር ገበያው ላይ እጥፍ ደርሷል።

ወንድሜ ለእኔ አልደወለም። አብራኝ ለምትኖር ልጅ ደወለላት። ዶራ የሚባል ሰፈር አምስት ሆነን አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር። ያን ቀን ስልኬን ፈልጌ አጣሁት። "ቻርጅ ላይ ነው" አሉኝ። ማታ ማንም እራት አልበላም። እኔ ልብ አላልኩም።

ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የቡና ሽታ ቀሰቀሰኝ። ዓይኔን ስገልጥ አራቱም ነጠላ አዘቅዝቀው አልጋዬ አጠገብ ተቀምጠዋል። ያገሬ ሰው መርዶ እንዴት እንደሚያረዳ አውቃለሁ፤ ማለዳ ነው፣ ብዙ ሆኖ ነው። "ማን ነው?" ብቻ አልኩ።

አከራያችን እንዳይሰማ ትራስ አፌ ላይ ይዤ አለቀስኩ። አንዷ የወሎ ልጅ ናት። እናቴን በፎቶ እንጂ በአካል አታውቃትም። ግን ስሟን እየጠራች ሙሾ አወረደችላት፣ በሹክሹክታ። ሙሾ በሹክሹክታ ሲወርድ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ሽምብራ ገዝተው ንፍሮ ቀቀሉ። ሦስት ቀን ሙሉ ብቻዬን አልተዉኝም፤ ሽንት ቤት እንኳ ስገባ አንዷ በር ላይ ትቆማለች። እነሱ ባይኖሩ ምን እሆን እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

ሐምሌ 28 ወደቡ ፈነዳ። የክፍላችን መስኮት ረገፈ። ከዚያ በኋላ አልቆየሁም።

ጥቅምት 2013 ሐዋሳ ገባሁ። እናቴ ስትቀበር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነበር። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ስለተከለከለ ድንኳን አልተተከለላትም። ከአሞራ ገደል ዓሣ እያመጣች ስትሸጥ የኖረች፣ የሰው ልቅሶ ቀርታ የማታውቅ ሴት፣ በጥቂት ሰው ተሸኘች። ይሄ ከሞቷ እኩል ያቃጥለኝ ነበር።

ባጃጁ ወደ ሰፈራችን ሲታጠፍ ድንኳኑን አየሁት። ከስድስት ወር በኋላ! አግዳሚው ተደርድሯል፤ የእድሩ ቁጥር በቀይ ቀለም የተጻፈባቸው ኩባያዎች ወጥተዋል። ሴቶቹ ሲያዩኝ ጩኸቱን አቀለጡት። ከፊት ለፊታችን ያሉት እማማ አንገቴን አቅፈው "አልቅሺ ልጄ፣ ይውጣልሽ። ያኔ እኛም ወጉ አልደረሰንም" አሉኝ።

ትራስ አላስፈለገኝም። ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። ሐይቁ ላይ የሚሠሩ ዓሣ አጥማጆች ሳይቀሩ መጡ። ማታ ወንዶቹ ካርታ ሲጫወቱ አመሹ። እኔም ከስንት ወር በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ፈረሰ። የእናቴን ሳጥን ስከፍት የእድር ደብተሯን አገኘሁት። ከሞተች ወዲህ ያለው ስድስት ወርም ተከፍሏል። ወንድሜን ብጠይቀው "እኔ አይደለሁም" አለኝ። ደብተሩን ይዤ እማማ ጋ ተሻገርኩ።

"ታዲያ ቤቱ ከእድር ይውጣ?" አሉኝና ሲኒዬን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። "ጠጪ፣ ሳይበርድ።"