የስብ ቱቦዎቼ በፔርሙስ ውስጥ እንዴት እንዳደጉ

አንድ ሰው አስቀድሞ «ቀስ ብለህ አቀዝቅዝ» ብሎኝ ቢሆን ኖሮ ሦስት ወር ባላባከንኩ ነበር፤ ይህንን የምጽፈውም ስለዚሁ ነው። የሠራሁበት ሊፒድ (የስብ ዓይነት ሞለኪውል) ዲሲ8፣9ፒሲ ይባላል። ራሱን በራሱ እየጠቀለለ ባዶ ቱቦ እንደሚሆን በአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ የነበሩት ፖል ያገርና ፖል ሾን እ.ኤ.አ. በ1984 ጽፈዋል። ቱቦው ግማሽ ማይክሮሜትር (ማይክሮሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ያህል ስፋት ሲኖረው፣ ርዝመቱ ግን በአሥሮች ማይክሮሜትር ይቆጠራል።

አጀማመሩ አያስቸግርም፦ በአንድ ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም ሊፒድ፣ 70 እጅ ኢታኖል፣ 30 እጅ ውሃ፣ 60 ዲግሪ ላይ እስኪሟሟ ድረስ።

ያበላሸሁት ማቀዝቀዙን ነው። የተሰጠኝ መመሪያ «ወደ ክፍል ሙቀት ይውረድ» ከማለት በቀር በስንት ሰዓት እንደሚወርድ አይናገርም። ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት፤ ወዲያው ነጭ ደመና ሠራ፤ በማይክሮስኮፕ ሳየው ግን ስብርባሪ ብቻ ነበር። የላቦራቶሪው ኃላፊ ሊፒዱ ተበላሽቷል ብለው አሮጌውን እንዳስወግድና አዲስ እንዳዝዝ አዘዙኝ። አዲሱ ከስድስት ሳምንት በኋላ ደረሰ፤ ውጤቱም ያው ሆነ። ኃላፊው አንድም ጥያቄ ሳይጠይቁ መፍረዳቸው እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ ከዚያ የባሰው ግን እኔም ሳልመረምር መድፋቴ ነው። ሊፒዱ ደኅና ነበር። ሞለኪውሎቹ በአልትራቫዮሌት ብርሃን እርስ በርስ በቋሚነት እስካልተያያዙ ድረስ መልሶ ማሞቅና እንደገና መጀመር ይቻላል።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሲሞቅ የስቡ ሰንሰለቶች ይላላሉ፤ ሲቀዘቅዝ ግን ይጠጥሩና ያዘነብላሉ። ሞለኪውሉ ራሱ ወደ አንድ ወገን የሚያደላ ቅርጽ ስላለው፣ ሞለኪውሎቹ ተደርድረው የሚሠሩት ስስ ሉህ እንደ ሪባን እየተጠማዘዘ ቱቦ ይሆናል። በንጹሕ ውሃ ውስጥ ሰንሰለቶቹ የሚቀልጡት 43 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለውጡ በጥቂት ዲግሪዎች ውስጥ ስለሚያልቅ፣ እነዚያን ዲግሪዎች በጥድፊያ ካለፍናቸው ብዙ ቱቦዎች በአንዴ ይጀመራሉ፤ ያለውን ስብ ተሻምተው ሁሉም አጭር ሆነው ይቀራሉ።

ማታ ማታ ሰው የሚያጠፋውን የጋራ ማሞቂያ አትመኑ። እኔ በደንብ የተከደነውን ጠርሙስ 60 ዲግሪ ውሃ በሞላሁበት የቡና ፔርሙስ ውስጥ አስቀምጬ ሁለት ሌሊት አሳደርኩት። ይህ ሊፒድ ብርሃን ስለማይወድ የፔርሙሱ ጨለማም ጠቅሞኛል። ስትቀዱ የፒፔቱን ጫፍ በመቀስ ቆርጣችሁ አስፉት፤ በመንቀጥቀጫ ማሽን ላይ ፈጽሞ አታስቀምጡት፣ ይሰባበራልና። የሚያያይዛቸውን የ254 ናኖሜትር አልትራቫዮሌት መብራትም ቱቦዎቹን በዓይናችሁ ሳታዩ አታብሩ።

በሦስተኛው ጠዋት ፔርሙሱን ስከፍት ፈሳሹ ውስጥ የተባዘተ ጥጥ የመሰለ ነገር ተንሳፍፎ ነበር። በማይክሮስኮፕ ስር እንደ ስንደዶ ቀጥ ያሉ ቱቦዎች ሞልተውታል፤ ጥቂቶቹ ላይ የመጠምዘዙ መስመር ገና አልጠፋም። መብራቱን ካበራሁ በኋላ ቀይ ሆኑ፤ መልሼ 60 ዲግሪ ሳሞቃቸውም አልፈረሱም።