ከውጅግራ ቀለሃ እስከ ዋይልድካት

ጠመንጃ የሚወድ ሰው ስለ አፈሙዝ ያወራል፣ ስለ ሰደፍ ያወራል፣ ስለ ዓይን ያወራል። ስለ ቀለሃ፣ ባሩዱን ስለሚይዘው የናስ ቅርፊት፣ የሚያወራ ሰው ግን እዚህ ባሕር ዳር ብዙም አልገጠመኝም። እኔ ውሎዬ ቶርኖ ላይ ነው። ብረትና ናስ ስቆርጥ፣ ስልግ፣ ስበሳ እውላለሁ። ስለዚህ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ሌላው ሰው ረግጦት በሚያልፈው ናስ ላይ ነው።

አሜሪካ ውስጥ የተተኮሰ ቀለሃ ሰብስበው እንደገና የሚሞሉ አዳኞች አሉ። ሕጋቸው ይፈቅዳል፣ ዕቃውም በሱቅ ይሸጣል። ከእነሱ መካከል አንዳንዶቹ አንድ እርምጃ ይቀጥሉና ፋብሪካ የማያመርተውን ጥይት ራሳቸው ያወጣሉ። ዋይልድካት ይሉታል። ቀለሃውን ከባዶ አይሠሩትም። የታወቀ ቀለሃ ወስደው አረሩ የሚሰካበትን አንገቱን ያጠባሉ ወይም ያሰፋሉ፣ ከአንገቱ በታች ያለውን ትከሻውን ወደ ኋላ ይገፉታል፣ ከላይ ይቆርጡታል። 25-06 የሚባለው ጥይት 30-06 የተባለው የአሜሪካ ጦር ጥይት ቀለሃ አንገቱ ጠቦ የተሠራ ነው፤ ሬሚንግተን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1969 ፋብሪካ እስኪያስገባው ድረስ ለአሥርት ዓመታት የጓዳ ሥራ ሆኖ ኖሯል። 22-250 የሚባለውም እንዲሁ የጓዳ ሥራ ነበር፣ ፋብሪካ የገባው በ1965 ነው።

እኔን የገረመኝ ግን ይሄ አይደለም። ይህንኑ ሥራ አንድ መንግሥት በችኮላ ሠርቶት ያውቃል፤ የተነሣበት ቀለሃ ደግሞ እኛ የምናውቀው የውጅግራ ቀለሃ ነው!

ውጅግራ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ያወጡት ጠመንጃ ነው። አረሩ 11 ሚሊሜትር፣ ባሩዱ ጥቁር። እ.ኤ.አ. በ1884 ፖል ቪዬይ የተባለ ፈረንሳዊ ጭስ አልባ ባሩድ አገኘ። አዲሱ ባሩድ ጉልበቱ ብዙ ስለሆነ ትንሽና ፈጣን አረር መግፋት ይችላል። የጦር ሚኒስትሩ ጄኔራል ቡላንዤ ጠመንጃውን ቶሎ አድርሱልኝ ብሎ ወጥሮ ያዛቸው። አዲስ ቀለሃ ለመንደፍ ጊዜ አልነበረም። የውጅግራውን ቀለሃ አሳጠሩና አንገቱን እስከ 8 ሚሊሜትር አጠበቡት። የ1886ቱ ሌበል የሚባለው ጠመንጃ በዚህ ተወለደ።

ዓለምን ቀደሙ። ዋጋውን ግን ለብዙ ዓመት ከፈሉ። ቀለሃው ከታች ወፍራም፣ ጠርዙ ሰፊ፣ ወደ ላይ ደግሞ ሁለት ጊዜ የሚሾል ሆነ። እንዲህ ያለ ጥይት ካዝና ውስጥ ቀጥ ብሎ አይደረደርም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሾሻ የተባለው የፈረንሳዮች መትረየስ ካዝና እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎበጠው በዚህ ምክንያት ነው። በሌበሉ ውስጥ ደግሞ ጥይቶቹ በቱቦ ውስጥ ተከታትለው ነው የሚተኙት፤ የኋለኛው ጫፍ የፊተኛውን መቀመጫ ይነካል፣ እዚያ ደግሞ መርፌው የሚመታት ተቀጣጣይ ቆብ አለች። ስለዚህ ጫፉ አርፎባት እንዳያፈነዳት በቀለሃው መቀመጫ ላይ ዙሪያውን ቦይ አወጡለት። እኔ ይህችን ቦይ በጣም ነው የምወዳት። አንድ ቸኩሎ የተወሰነ ነገር ስንት ጥበብ እንደሚያስወጣ ታሳያለች።

ወደ ናሱ ልምጣ። የቀለሃ ናስ 70 በመቶ መዳብ፣ 30 በመቶ ዚንክ ነው። ይህ ናስ በተቀጠቀጠ፣ በተጨመቀ፣ በተሳበ ቁጥር ይጠነክራል። ሽቦ ወዲያ ወዲህ ስታጣጥፉት መጀመሪያ እንደሚገግመው፣ ቆይቶም እንደሚሰበረው ማለት ነው። አንገቱን አጥብበህ፣ ተኩሰህ፣ ደጋግመህ ስታጠብ ይሰነጠቃል። መፍትሔው እሳት ነው፤ አንገቱና ትከሻው ብቻ ይሞቅና ይለሰልሳል። መቀመጫው ግን በፍጹም! መቀመጫው ጠንካራ መሆን አለበት፤ ሙሉውን ግፊት የሚችለው እሱ ነውና። እሱ ከለሰለሰ ጋዙ ወደ ኋላ፣ ወደ ተኳሹ ፊት ይወጣል። አንድ ቁራጭ ናስ፣ ከላይ ለስላሳ ከታች ጠንካራ። ይህን ሚዛን ያልገባው ሰው ቀለሃ መንካት የለበትም ባይ ነኝ።

ሌላም አለ። 30-06 ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ላይ የያዘው የኤም 1 ጠመንጃ ጥይት ነው። 7.92 በ57 ደግሞ (ሁለተኛው ቁጥር የቀለሃው ርዝመት በሚሊሜትር ነው) ከጣሊያን ወረራ በፊት የገባው የቤልጂጉ ሞዘር ጥይት ነው። የሁለቱ ወገብ ከታች ሲለካ እኩል ነው ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ውጭ ያሉት ሰዎች የ30-06ን ቀለሃ ከ63 ሚሊሜትር ወደ 57 አሳጥረው የሞዘር ያደርጉታል። ቀላል ይመስላል፣ ግን አዲሱ አንገት የሚወጣው ከቀድሞው ገላ ነው፣ ገላው ደግሞ ከአንገት ይወፍራል። ውፍረቱ በልኩ ካልተላገ አንገቱ ጥይት ማደሪያው ውስጥ ተጣብቆ አረሩን አልለቅም ይላል፣ ግፊቱም ከልክ ያልፋል። በቶርኖ ቋንቋ የመቶኛ ሚሊሜትር ጉዳይ ነው። ትከሻው ከልኩ በላይ ወደ ኋላ ከተገፋ ደግሞ ቀለሃው ሲተኮስ ይለጠጥና ከመቀመጫው ከፍ ብሎ ለሁለት ይበጠሳል።

ፓርከር አክሊ የተባለው አሜሪካዊ ጠመንጃ ሠሪ የመጨረሻውን ቅርጽ ለተኩሱ ራሱ ይተወው ነበር። ጥይት ማደሪያውን ሰፋ አድርጎ፣ ትከሻውን ቆም አድርጎ ይቀርጸዋል። የተለመደው ጥይት እዚያ ውስጥ ሲተኮስ ናሱ ተነፍቶ አዲሱን ቅርጽ ይዞ ይወጣል። ጉልበቱን ማሽን ሳይሆን ባሩዱ ይሰጣል። ከማደንቃቸው የእጅ ሥራዎች አንዱ ይሄ ነው።

አሁን ለጣና ዙሪያ ሰው የሚሆን ነገር። እንግሊዞች ህንድ ውስጥ በክረምት ያከማቹት ጥይት ማንም ሳይነካው አንገቱ ላይ ይሰነጠቅ ነበር። መጋዘኑ ጋጣ አጠገብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 ምክንያቱ በምርምር ታወቀ፦ ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞንያ፣ ከእርጥበትና ናሱ ውስጥ ከቀረው ውጥረት ጋር ተገናኝቶ ነው። ፎገራንና ደንቢያን አስቡ። ክረምት ሲሆን ውሃ ይተኛል፣ ከብት ቤት አጠገብ ያድራል፣ አንዳንዱ ቤት ውስጥም ያስገባል፣ የአያት ዝናር ደግሞ እዚያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ጠመንጃው ዘይት ይቀባል፣ ጥይቱን ግን ማን ያየዋል? አንገቱ ላይ ፀጉር የምታክል መስመር ካያችሁ ያ ጥይት አይተኮስም። አሞንያ ባለው ማጽጃም ናስ አታሹ፤ ያብለጨልጨዋል፣ ውስጥ ውስጡን ግን ይጎዳዋል።

ድሮ በየገጠሩ የውጅግራ ቀለሃ በሀገር ባሩድ እንደገና ይሞላ እንደነበር ሽማግሌዎች ሲያወሩ እሰማለሁ። ያኔ ባሩዱም ጥቁር፣ ግፊቱም ዝቅ ያለ ነበር። ያንን ልማድ ዛሬ ባለው ባሩድ፣ መቶ ዓመት ባለፈው ቀለሃና ጠመንጃ ላይ ማምጣት ግን ዓይንና እጅ ማጣት ነው። ያለ ፈቃድ ጥይት ማምረትም በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 የተከለከለ ነው። እኔ የምሻው መለካትና ማወቅ ነው።

እቤታችሁ ባዶ፣ የተተኮሰ አሮጌ ቀለሃ ካለ በካሊፐር ለኩልኝ። ወደ 59 ሚሊሜትር ከሆነና አንገቱ ወደ 12 ሚሊሜትር የሚሰፋ ከሆነ ውጅግራ ሊሆን ይችላል። ወደ 50 ከሆነ፣ ወገቡ ወፍራም፣ አንገቱ ቀጭን ከሆነና መቀመጫው ላይ ያቺ ቦይ ካለች የሌበል ነው። አትፈግፍጉት፤ መቀመጫው ላይ የተመታው ቁጥርና ፊደል የተሠራበትን ዓመትና ፋብሪካ ሊነግረን ይችላል። ፎቶውን ከልኩ ጋር ላኩልኝ።