ጭስ የጋረደው ደመና ለምን ሳስቶ ይነበባል?

ከናሚቢያና ከአንጎላ ዳርቻ ወዲያ፣ አትላንቲክ ላይ፣ ዝቅ ብሎ የተነጠፈ ሰፊ ደመና አለ። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት የደቡባዊ አፍሪካ የእሳት ጭስ በላዩ ያልፋል። ይህን ደመና በሳተላይት የሚለካ ሰው፣ ቁጥሩን ከማመኑ በፊት አወጣጡን ይወቅ።

ቴራና አኳ በተባሉት ሳተላይቶች ላይ የተገጠመው ሞዲስ የተባለ መለኪያ የሚሠራው ናካጂማና ኪንግ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ዘዴ ነው። በ0.86 ማይክሮሜትር የብርሃን ሞገድ ውኃ ብርሃንን አይመጥጥም ማለት ይቻላል፤ ደመናው በወፈረ ቁጥር ይነጣል። በ2.1 ማይክሮሜትር ግን በመጠኑ ይመጥጣል። ጠብታው ሲተልቅ ብርሃኑ በውስጡ ረዘም ያለ መንገድ ስለሚሄድ ደመናው ይጠቁራል። እንግዲህ አንዱ ውፍረቱን፣ ሌላው የጠብታውን ሬዲየስ ይናገራል።

መጀመሪያ ፒክስሉ (የምስሉ አንዷ ነጥብ) ደመና መሆኑ፣ ከዚያም ውኃ ይሁን በረዶ ይለያል። የተለካው ጨረር በፓይ ተባዝቶ፣ ለፀሐይ ጨረርና ለፀሐይ ማዕዘን ኮሳይን ብዜት ሲካፈል አንጸባራቂነቱ ይገኛል። ከደመናው በላይ ያለ ተን የዋጠው ብርሃን ታርሞ፣ ሁለቱ ቁጥሮች ለዚያው ማዕዘን አስቀድሞ ከተሰላ፣ የየውፍረቱንና የየሬዲየሱን አንጸባራቂነት ከያዘ ሰንጠረዥ ጋር ይመሳከራሉ። ብርሃናዊ ውፍረቱ (ደመናው ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያግድ የሚናገር አሃድ የሌለው ቁጥር) 10፣ ሬዲየሱ 10 ማይክሮሜትር ከሆነ፣ 2/3 × 10 × 10 ወደ 67 ግራም ውኃ በካሬ ሜትር ይሰጣል። ውኃው ወደ ላይ እየጨመረ በሚሄድ ደመና ግን 2/3ን በ5/9 ተኩት፤ 56 ገደማ ይሆናል። ለባሕር ዳርቻ ደመና እኔ ይህን እመርጣለሁ።

ደመናው በጣም ሲሳሳ የሰንጠረዡ መስመሮች ተጠጋግተው ይደራረባሉ፤ ትንሽ የልኬት ስሕተት ሬዲየሱን በብዙ ያዛባዋል። የተበጣጠሰ ደመና ደግሞ ጎረቤቱ ላይ ጥላ ይጥላል፤ ጥላ ያረፈበት ፒክስል ጠብታው ትልቅ መስሎ ይወጣል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጥላው ይረዝማል፣ ችግሩም ይብሳል።

ጭሱ ከእነዚህ የሚለየው ደመናው ወጥ ሆኖ ሳለም ማሳሳቱ ነው። ቅንጣቶቹ ደቃቅ ስለሆኑ 2.1ን እምብዛም አይነኩም፤ 0.86ን ግን ያጠቁራሉ። ሰንጠረዡ ጭስ መኖሩን አያውቅምና ጥቁረቱን የደመናው መሳሳት አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ውፍረቱ ያንሳል፣ ሬዲየሱም በመጠኑ ይቀንሳል፣ የውኃው መጠን ከሁለቱ ስለሚሰላ አብሮ ይወርዳል። ምልክቱ ቀለሙ ነው፦ ጭስ አጭሩን ሞገድ ይበልጥ ስለሚመጥጥ፣ ነጭ መሆን የሚገባው ደመና በ0.47 ላይ ከ0.86 ይልቅ ጠቁሮ ይታያል። ይህ ሲታይ ፒክስሉን ለብቻው ለዩት፤ ሰንጠረዡንም የጭስ ንብርብር ጨምራችሁ፣ ከሁለት በላይ ሞገድ ይዛችሁ እንደገና አስሉት።