ዋና ሳልችል ዌል ሻርክ ለማየት ሄድኩ

ዋና አልችልም። ይሄን መጀመሪያ ልናገርና ልገላገል። አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ውሃ የማውቀው በባልዲ ነው። ታኅሣሥ ላይ ለሥራ ጅቡቲ ሄጄ ጓደኞቼ "ዓርብ ዌል ሻርክ ልናይ ነው፣ ትመጣለህ" ሲሉኝ እሺ ያልኩት እንዳልፈራሁ ለማስመሰል ነው።

ለእማዬ ስደውል ነገርኳት። "ዮናስን የዋጠው ነው?" አለች። የለም፣ እሱ ዓሣ አንበሪ ነው፣ ይሄ ሻርክ ነው ስላት ጭራሽ ባሰባት።

ዌል ሻርክ በዓለም ላይ ካሉት ዓሦች ሁሉ ትልቁ ነው፤ ግን ሰው አይነካም። በአብዛኛው የሚበላው ፕላንክተን የሚባሉ ደቃቅ የባሕር ፍጥረታትን ነው። አፉን በሰፊው ከፍቶ ውሃውን ያስገባል፣ ከጭንቅላቱ ኋላ ግራና ቀኝ ባሉት ክፍተቶች ያስወጣዋል፣ ምግቡ ውስጥ ይቀራል፤ ጠላ እንደሚያጠል ሰው በሉት። ከኅዳር እስከ ጥር ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ፣ አርታ የሚባለው ዳርቻ አካባቢ ይሰበሰባሉ። አብዛኞቹ ልጆች ናቸው። ልጅ ስላችሁ ግን ሚኒባስ ታክሲ ለማከል ትንሽ የቀረው ልጅ ነው፤ ሲያድግ ከ12 ሜትር ሊያልፍ ይችላል።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተነሳን። ማዕበሉ ቀላል ነው ተብሎ ነበር፤ ቁርስ የበላሁትን ፉል ግን መንገድ ላይ ለባሕሩ መለስኩለት። ካፒቴኑ ትንሽ አማርኛ ይችላል፣ "አይዞህ" እያለ ይስቅብኛል፤ በየመሃሉ ደግሞ ሰዓቱን ያያል፤ ቀን ላይ ከኛ አገር የሚገባው ጫት እንዳያመልጠው።

ቦታው ስንደርስ ሁሉም መነጽሩን አድርጎ ዘለለ። እኔ ላይፍ ጃኬቴን አጥብቄ ካፒቴኑ ጋር ቀረሁ። እነሱ ወዲያ ሲዋኙ፣ ዓሣው በኛ በኩል መጣ! ጀርባው እንደ ጅግራ ነጠብጣብ ነው (ነጠብጣቡ እንደ ጣት አሻራ የአንዱ ከሌላው ይለያል፤ ተመራማሪዎች በፎቶ የሚለዩዋቸው በሱ ነው)። አፉን ከፍቶ ጀልባውን ታክኮ ቀስ ብሎ አለፈ። እጄን ብዘረጋ እነካው ነበር። መንካት ክልክል ስለሆነ ተውኩት፣ እሺ፣ ፈርቼም ነው።

ያናደደኝ ከኛ በኋላ የመጡት ጀልባዎች ናቸው። ሞተራቸውን ሳያጠፉ አንዷን ዓሣ ከበቧት፤ ከክንፏ ላይ የተቆረጠ ነገር አይቻለሁ፣ የጀልባ ሞተር ነው የሚያቆስላቸው አለኝ ካፒቴኑ። የምትሄዱ ከሆነ ብር ከመክፈላችሁ በፊት አጠገባቸው ስትደርሱ ሞተር ታጠፋላችሁ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ካንገራገሩ ሌላ ጀልባ ፈልጉ።

ማታ ቪዲዮውን ለእማዬ ላክሁላት። ደጋግማ አየችውና፣ "ይሄን የሚያህል አፍ ይዞ የሚበላው እቺኑ ደቃቅ ነገር ብቻ ነው?" አለችኝ። አሳዘናት።